ሦስት ኪሎ የጎደለው አውራ

የእኔ ሥራ መጠራጠር ነው። አንድ የጥናት ጽሑፍ ወደ ጆርናላችን ሲላክ መጀመሪያ የሚያርፈው እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው። ገምጋሚዎች ከማየታቸው በፊት አሥራ አንድ ጥያቄ ባለው ቅጽ አጣራዋለሁ። የሥነ ምግባር ፈቃድ አለው? ፈቃዱ የተሰጠው ጥናቱ ከመጀመሩ በፊት ነው ወይስ ካለቀ በኋላ? የተጠኑት ሰዎች ፈቅደዋል? ምስጢራቸው ተጠብቋል? ጽሑፉ ከሌላ ሰው የተገለበጠ ነው? ቁጥሮቹና ፎቶዎቹ እውነተኛ ናቸው? ቅጹን የሚያልፈው ከሦስት ጽሑፍ አንዱ ነው። እንቅልፍ ነስቶኝ አያውቅም።

ጆርናሉ ስለ ደጋ እንስሳት እርባታ የሚያትም፣ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚወጣ፣ የአንድ ትንሽ የሙያ ማኅበር ልሳን ነው። ቢሯችን ደብረ ብርሃን ውስጥ ከአንድ የቆርቆሮና የሚስማር መደብር በላይ ነው፤ ከታች ቆርቆሮ ሲቆረጥ ከላይ ማጣቀሻ እናርማለን። ያለነው ሁለት ሰዎች ነን፤ እኔና ዋና አዘጋጇ ዶክተር ጌታነሽ። ዶክተር ጌታነሽ ጡረታ የወጡ የእንስሳት ሐኪም ናቸው። ከእሳቸው የምለየው በአንድ ነገር ነው፤ እሳቸው አይቸኩሉም።

በሦስት ዓመት ውስጥ ብዙ አይቻለሁ። ሃምሳ ማጣቀሻ ደርድሮ አርባ አንዱ የራሱ የሆነ ሰው አይቻለሁ። አንድ ፕሮፌሰር ካረፉ ከሁለት ዓመት በኋላ «ረቂቁን አንብበው አጽድቀውታል» ብሎ ስማቸውን ያስገባ አይቻለሁ። አንዱ ደግሞ ጽሑፉን በማሽን አስጽፎ፣ ማሽኑ «እነሆ፣ አንቀጹን ይበልጥ ምሁራዊ አድርጌ አስተካክዬልዎታለሁ» ያለውን ሳያጠፋ ከነትሕትናው ልኮልን ነበር። ዶክተር ጌታነሽ እሱን ሲያነቡ «ቢያንስ ማሽኑ ጨዋ ነው» አሉ።

ኅዳር መጨረሻ ላይ የመርስዔ ኃዘን ጽሑፍ መጣ። መርስዔ ኃዘን የዶክትሬት ተማሪ ነው። ከራቤል በላይ ባለች አንዲት የግሼ መንደር ሃያ አራት አውራ በጎችን ለክቶና መዝኖ «በመንደሩ አውራዎች መካከል እጅግ ያልተለመደ የቁመና ተመሳሳይነት» ማግኘቱን ይገልጻል። ከዚያ ተመሳሳይነቱ ከየት እንደመጣ በስድስት ገጽ ያብራራል፤ የዘሩ ጥራት፣ የከፍታው አየር፣ የአርሶ አደሩ የዘመናት የመምረጥ ጥበብ። አጻጻፉ ጥሩ ነው። ፈቃዱ አለ፤ ቀኑም ልክ ነው። የስምምነት ቅጾቹ ተሟልተዋል፤ የተማረው በፊርማ፣ ያልተማረው በጣት አሻራ። ስምንት ጥያቄ በአንድ ትንፋሽ አለፈ።

ከዚያ ፎቶዎቹን ከፈትኩ።

እኔ የበግ አገር የሆነችው የሞላሌ ልጅ ነኝ። ሰው በግን ከበግ እንዴት እንደሚለይ ማስረዳት አይሆንልኝም፤ ሰውን ከሰው እንዴት እንደምትለዩ አስቡና ድረሱበት። የቁጥር ሦስት ግራ ቀንዱ ጫፉ ተሰብሯል፤ በቀኝ ዓይኑ ሥር ጣት የምታህል ነጭ ምልክት አለችው። የቁጥር ስድስትም ግራ ቀንዱ ተሰብሯል፤ ነጯም ምልክት አለች። ቁጥር ዘጠኝም እንደዚያው። ቆጠርኳቸው፤ አሥር ሆኑ። አሥር የተለያዩ ሰዎች በአሥር የተለያዩ ደጆች ላይ አንድ በግ ይዘው ቆመዋል። ሁሉም ደረታቸውን ነፍተዋል። በጉም ጭምር።

ተመሳሳይነቱ ከየት እንደመጣ ገባኝ። ስድስት ገጽ አያስፈልገውም ነበር።

ሠንጠረዡን አየሁት። የአሥሩ ቁመት አንድ ነው። የቀንዳቸው ርዝመት በግማሽ ሳንቲ ሜትር እንኳ አይለያይም። ክብደታቸው ብቻ ከሠላሳ አንድ እስከ ሠላሳ አራት ኪሎ ይወርዳል፣ ይወጣል። ቁጥር ፈጥሮ የሚጽፍ ሰው ክብደቱን ለምን እንዲህ ያወዛውዛል ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅሁም። ለመርስዔ ዩኒቨርሲቲ «የተፈበረከ መረጃ» የሚል ደብዳቤ በአርባ ደቂቃ አርቅቄ ለፊርማ ይዤ ገባሁ።

ዶክተር ጌታነሽ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ጠይቀሽዋል?» አሉኝ።

«ማንን?»

«ልጁን።»

«ፎቶው እኮ ይናገራል፣ ዶክተር።»

«ፎቶው የሚናገረው በጉ አንድ መሆኑን ነው። ልጁ ውሸታም ነው ያልሽው አንቺ ነሽ።» መነጽራቸውን አወለቁ። «ባለጽሑፉ መጀመሪያ ይጠየቃል። መልስ ካጣ ወደ ተቋሙ ይጻፋል። ይሄን ደንብ የጻፈው ማን ነው?»

የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስጽፈው ግን ያሰብኩት ለሌሎች ሰዎች ነበር።

ኢሜይል ላክሁ፤ የመስክ መዝገቦቹን እንዲልክ በአሥራ አራት ቀን ገደብ ጠየቅሁት። በሦስተኛው ቀን ራሱ መጣ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጫማው ላይ የደረቀ ጭቃ ያለበት ልጅ ነው። ቦርሳውን ሲከፍት ቢሮው በሙሉ በግ በግ ሸተተ። አሥር ደብተር አወጣ። አሥሩን ፎቶ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩለት። ብዙ ጊዜ አያቸው፤ ጆሮው እየቀላ ሄደ።

«ይሄ...» አለ።

«አዎ።»

«ይሄም።»

«እሱም።»

«እኔ እኮ በየቤቱ ነው የሄድኩት። በየወሩ። ባለቤቶቹን አንድ በአንድ ጠይቄ። ፈጥሬ የጻፍኩት አንድም ቁጥር የለም።»

«ከዚህ በፊት በግ አይተህ ታውቃለህ?» አልኩት።

«ላብራቶሪ ውስጥ።»

«ላብራቶሪ ውስጥ በግ አለ?»

«ደሙ አለ።»

ያደገው አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ትምህርቱ ስለ ዘረ መል ነው። በግ በቀንዱ እንደሚለይ ማንም አልነገረውም፤ ማንም የሚነግረው ነገር ነው ብሎ አላሰበም። ዶክተር ጌታነሽ ውኃ ቀዱለትና ቀሪውን ጠየቁት። እስከ መጋቢት የተቀባይነት ደብዳቤ ካላመጣ ከፕሮግራሙ ይወጣል። አምስት ዓመቱን የፈጀበት ትምህርት ነው። «ፈብርኳል ከተባለ ደግሞ» አለ፣ ድምፁን ሳይቀይር፣ «ከሁሉም ነገር ነው የምወጣው። የትም አያስተምሩኝም፣ የትም አይቀጥሩኝም።»

«ታዲያ አንድ በግ አሥር ባለቤት እንዴት አገኘ?» አልኩ።

«አላውቅም።»

ዶክተር ጌታነሽ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ለታኅሣሥ ሃያ አንድ ሞላሌ ልሄድ ብለሽ ፈቃድ ጠይቀሽ የለ?»

«እናቴን ልጠይቅ ነው።»

«ከሞላሌ ራቤል ስንት ሰዓት ነው?»

«ዶክተር፣ ደንቡ ጠይቁ ነው የሚለው እንጂ ሂዱ አይልም።»

«አትሂዱም አይልም» አሉና ደብዳቤዬን መሳቢያቸው ውስጥ ከተው ቆለፉበት።

እናቴ ዘንድ ሁለት ቀን አደርኩ። በሃያ አንድ ጠዋት ከመርስዔ ጋር ራቤል ተገናኝተን በእግር ወጣን። ውርጩ አልቀለጠም ነበር። መንገዱ አንድ ሰዓት ተኩል ነው ብሎኛል፤ እሱ በሚራመደው ከሆነ ልክ ነው፤ እኔ ግን ሁለት ጊዜ ቆሜ ጠበቅሁት። አውድማው ላይ ገብስ ተከምሯል፤ የሚወቃ ሰው ግን የለም። የማርያም ቀን ነው።

የመንደሩ ሰው አቶ ምንተስኖት ከሚባል ገበሬ ቤት ተሰብስቧል። የጽዋ ማኅበር አላቸው፤ አሥራ ሁለት ቤት ሆነው በየወሩ በሃያ አንድ ተራ በተራ ይደግሳሉ። የዛሬው ተረኛ ምንተስኖት ነው። መርስዔን ሲያዩት ደስ አላቸው። «ያ የበግ ልጅ መጣ» እየተባባሉ ቦታ ለቀቁለት። እኔን «የበግ ልጅ ሚስት» ሊያደርጉኝ ሲዘጋጁ የመጣሁት ለምርመራ መሆኑን አስታወቅሁ። ከዚያ ሰዎቹ እርስ በርስ እንዳይማከሩ አንድ በአንድ ወደ ደጅ እየጠራሁ መጠየቅ ጀመርኩ። በትክክል እንዲህ ነው የሚደረገው።

«አቶ ምንተስኖት፣ የእርስዎ አውራ በግ የትኛው ነው?»

«ያውልሽ።» የግቢው ጥግ ላይ ግራ ቀንዱ የተሰበረ አውራ ድርቆሽ እየበላ ቆሟል።

ሁለተኛ የጠራኋቸው ወይዘሮ ጥሩሸዋ ናቸው። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ድምፃቸው ከሦስት ሰው የሚበልጥ ሴት ናቸው። «የእርስዎስ?»

«ያውልሽ፣ ሻምበል። አያምርም?»

«ያ የአቶ ምንተስኖት አይደለም?»

«የሱም ነው።»

ሦስተኛውም ሰው ወደ ሻምበል ጠቆመ። አራተኛው የማኅበሩ ሙሴ ናቸው፤ ሙሴ ማለት የጽዋ ማኅበር አለቃ ነው። ጋሽ ኃይለመስቀል ይባላሉ። ከወንበራቸው ተነሥተው በቀስታ መጡና ጥያቄዬን ሳልጨርስ «ልጄ» አሉኝ፣ «አንድ በግ አራት ጊዜ ምን ያስጠይቅሻል?»

«የማን ነው?»

«የኔ ነው።»

«የአቶ ምንተስኖትስ? የወይዘሮ ጥሩሸዋስ?»

«የነሱም ነው።»

«በአንድ ጊዜ?»

«ጽዋው የማን ነው?» አሉ።

«የማኅበሩ።»

«ዛሬ ማን ቤት ነው?»

«አቶ ምንተስኖት ቤት።»

«ምንተስኖትን ጽዋው የማን ነው ብትይው ምን ይልሻል? የኔ ነው ይልሻል። ተራው ደርሶ ቤቱ ገብቷላ። ዋሸ ትይዋለሽ?»

አልልም። ነገሩ ይሄው ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት አሥራ ሁለቱ ቤቶች ለመንጎቻቸው ሻምበልን ከሞላሌ ገበያ በጋራ አመጡት። ጽዋው በሄደበት እሱም ይሄዳል። በሃያ አንድ ባለተራው ጽዋውን ሲረከብ አውራውንም አብሮ ይረከባል፤ ወሩን ሙሉ ያበላዋል፣ ሴት በጎቹን ያስጠቃበታል፣ በወሩ ያስረክባል። መርስዔ ደግሞ በየወሩ የሚመጣው በሃያ ሁለት ነበር፤ በሃያ አንድ የማርያም ዕለት በግ ይዞ የሚቆምለት ሰው አጥቶ። መንደሩ እንደገባ «አውራ ያለበትን ቤት አሳዩኝ» ይላል። ሁለት ሦስት ቤት ያሳዩታል፤ ከነዚያ አንዱ የባለተራው ቤት ነው፤ ሌሎቹ ከማኅበሩ ውጭ ያሉ፣ የራሳቸው አውራ ያላቸው ናቸው። ቅጹ ላይ «በጉ የእርስዎ ነው?» ይላል። ሰውየው «አዎ» ይላል። አሥር ወር፣ አሥር ቤት፣ አሥር እውነተኛ መልስ።

«ለምን አልነገራችሁኝም?» አለ መርስዔ።

«አልጠየቅከንማ» አለ ምንተስኖት። «እኛ ደግሞ በየወሩ ሻምበልን እያገላበጥክ ስትለካው፣ የወደድከው መስሎን ነው።»

መርስዔ ሳቀ። ከደብረ ብርሃን ጀምሮ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው። ፈብራኪ አይደለም፤ ደደብ ጥያቄ የጠየቀ ሐቀኛ ሰው ነው። የአሥሩን መዝገብ አንድ በግ ብሎ አርሞ፣ ጽሑፉን ስለ ተራው አድርጎ ቢጽፈው ከፊተኛው የተሻለ ጥናት ይወጣዋል። ይሄን ለዶክተር ጌታነሽ ስነግራቸው የሚያሳዩኝን ፊት አስቀድሜ አየሁት፤ ትንሽ አናደደኝ፤ ግን ጉዳዩ አልቋል።

እዚህ ላይ ተነሥተን ብንሄድ ኖሮ በእርግጥም ባለቀ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጸሎት ተደረገ፤ ጾም ስለሆነ የገብስ ዳቦ፣ ሽሮና ጠላ ቀረበ። ደክሞኛል፤ ጠላው ወፍራም ነው፤ ሠንጠረዡ ጭኔ ላይ ነው። አንዱ ከበር በኩል «ለመሆኑ ሻምበላችን ስንት ይመዝናል?» ብሎ ጠየቀ።

«እንደ ወሩ ነው» አልኩ።

«እንዴት እንደ ወሩ?»

መርስዔ እጅጌዬን ነካ አደረገ። «ፀደንያ፣ ተይው።» ሰው ሥራዬን ሲያስተምረኝ አልወድም። ሠንጠረዡን አንስቼ አነበብኩ። «ጥር ሃያ ሁለት፣ ሠላሳ ሦስት ተኩል። የካቲት ሃያ ሁለት፣ ሠላሳ አራት። መጋቢት ሃያ ሁለት፣ ሠላሳ አንድ።»

 ከዚያ ሁሉም ፊቱን ወደ ጋሽ ኃይለመስቀል አዞረ። የመጋቢት ተረኛ እሳቸው ነበሩ።

መጀመሪያ የተነፈሱት ወይዘሮ ጥሩሸዋ ናቸው። «ሙሴ እስራኤልን በምድረ በዳ መና አብልቷል ይባላል» አሉ። «የኛው ሙሴ ድርቆሽም ነፈገው።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። «ሦስት ኪሎ» አለ ምንተስኖት፣ «አንድ እግር እኮ ነው።» ሌላው ደግሞ ጋሽ ኃይለመስቀል ቀንዱን ሳይቀር አመንምነውት ይሆን ብሎ ተጨነቀ። ወይዘሮ ጥሩሸዋ ለሳቁ መሪ ሆኑ፤ ሊያቆም ሲል ይቆሰቁሱታል። ጋሽ ኃይለመስቀል ዳቦአቸውን ማኘክ ቀጠሉ። ውጠው ሲያበቁ ወደ እኔ ዞሩ።

«ሚዛኑ ላይ የወጣው በስንት ቀን ነው አልሽኝ?»

«መጋቢት ሃያ ሁለት።»

«እኔ ጽዋውን የተረከብኩት በስንት ነው?»

ሰዉን ዞር ብለው አዩት።

«በሃያ አንድ» አሉ ራሳቸው። «እኔ ቤት ያደረው አንድ ሌሊት ነው። በአንድ ሌሊት ሦስት ኪሎ የሚያከሳ ቤት ካለኝማ ባለቤቴ ወፍረሃል እያለች አትጨቀጭቀኝም ነበር።»

ሠንጠረዡን ተመለከትኩት። ልክ ናቸው። እያንዳንዱ ቁጥር የሚናገረው በጉ ስለተመዘነበት ቤት አይደለም፤ በዋዜማው ስለወጣበት ቤት ነው። አሥራ አንድ ጥያቄ ያለው ቅጽ የሠራሁት እኔ ይሄን አላየሁም። ከየካቲት ሃያ አንድ እስከ መጋቢት ሃያ አንድ ሻምበልን ያስተዳደሩት ወይዘሮ ጥሩሸዋ ነበሩ።

«የካቲትና መጋቢት በጋ ነው» አለ መርስዔ በፍጥነት። «ሣር የለም። የማንም በግ ይከሳል።» ማንም አልሰማውም።

«እትዬ ጥሩሸዋ ሁዳዴን አጥብቀው ነው የሚጾሙት» አለ ምንተስኖት። «ሻምበልንም አስጾሙት እንጂ ምን አደረጉት።»

ሳቁ አሁን ከፊተኛው ይበልጥ ነበር። ወይዘሮ ጥሩሸዋ ግን አልሳቁም። ዋንጫቸውን አስቀመጡና ወደ መርስዔ ዞሩ።

«አንተ ልጅ፣ ጣቴን ቀለም አስነክረህ ወረቀቱ ላይ ስታስጭነኝ ምን ብለህ ነበር ያነበብክልኝ?»

መርስዔ ጉሮሮውን ጠረገ። «‹የሚሰጡን መረጃ በእርስዎ ስም ለማንም አይነገርም። በማንኛውም ጊዜ ከጥናቱ መውጣት ይችላሉ›።»

«ይቺ ልጅ ሥራዋ ምንድን ነው?»

መርስዔ እኔን ሳያይ መለሰ። «ይሄ ቃል መጠበቁን ማረጋገጥ።»

 «ስም አልጠራሁም» አልኩ።

«ወር ጠራሽ» አሉ ወይዘሮ ጥሩሸዋ። «እዚህ ወርና ሰው አንድ ነው።» ወደ መርስዔ ተመለሱ። «ጻፍ፤ ጥሩሸዋ ወጥታለች። ጣቴንም ፋቀው።»

«እኔም ወጥቻለሁ» አሉ ጋሽ ኃይለመስቀል።

ወይዘሮ ጥሩሸዋ ገረማቸው። «አንተን ማን ነካህ? ስሰድብህ የዋልኩት እኔ።»

«እሱ የኛ ጉዳይ ነው። ከማኅበር ሰው ለብቻው አይወጣም።»

ምንተስኖት እጁን አነሣ። ከበር በኩል ያለው ሰውዬም አነሣ። ከዚያ ሁሉም። መርስዔ ደብተሮቹን አንድ በአንድ ወደ ቦርሳው መለሰ። ቢሳደብ ይሻለኝ ነበር። አሥሩ ቤት ከወጣ ስለ ተራው የሚጻፍ ጥናት የለም። ጥናት ከሌለ መጋቢት ባዶ እጁን ይደርሳል። ፈብራኪ ብዬ በደብዳቤ ያላጠፋሁትን ሰው በአንድ ዋንጫ ጠላ አጠፋሁት።

ተነሣሁ። ይቅርታ መጠየቅ አልችልበትም፤ ስለዚህ አጭር አደረግሁት። «ቃሉን ያፈረስኩት እኔ ነኝ፤ እሱ ሊያስቆመኝ ሞክሯል። ቁጥሩን ማንበብ አልነበረብኝም። ሳነበውም አሳስቼ ነው ያነበብኩት፤ ጋሽ ኃይለመስቀልን ያለ ጥፋታቸው አሳማሁ፤ እርስዎን ደግሞ፣ ወይዘሮ ጥሩሸዋ፣ ሰው ፊት አዋረድኩ። ስመለስ ለአለቃዬ ራሴን ከስሼ እጽፋለሁ። እሱን ግን በእኔ ጥፋት አትቅጡት።»

ወይዘሮ ጥሩሸዋ ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«አነጋገርሽ የሞላሌ ነው። የማን ልጅ ነሽ?»

ነገርኳቸው።

«እናትሽን አውቃታለሁ። እሷም አፏ አያርፍም ነበር።» ዋንጫቸውን መልሰው አነሡ። «ምንተስኖት፣ ሻምበልን ዛሬ የምትረከበው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ለእኔ ስጠኝ። ጽዋው ያንተ ይሁን፤ በጉን እወስደዋለሁ። ጥር ሃያ አንድ ይመዘን። በሃያ አንድ ነው ያልኩት፤ በሃያ ሁለት አይደለም። ከበሬ ሳይወጣ። የዛሬውን ክብደቱን አሁኑኑ ያዙልኝ።»

መርስዔ ቀና አለ። «እትዬ፣ እንደሚመዘን አውቀው ካበሉት ለጥናቱ አይሆንም። ጽሑፉ ውስጥ ላስገባው አልችልም።»

«ማን አስገባው አለህ? ይሄ ለመንደሩ ነው።» ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ። «ሚዛኑን የምታነብበው እሷ ናት። ጮክ ብላ። ይሄኛው ደግሞ በስሜ ይነገር። እሱ ሲሆን ወደ ወረቀትህ እመለሳለሁ።»

«እሳቸው ከተመለሱ እኔም እመለሳለሁ» አሉ ጋሽ ኃይለመስቀል። ሌሎቹም ተስማሙ። ምንተስኖት ሻምበልን ለወይዘሮ ጥሩሸዋ ሲያስረክብ ምንም የከፋው አይመስልም ነበር፤ ያልተወቃ ገብስ አለበት። ከዱላ ላይ በተሰቀለው የመርስዔ ሚዛን ሻምበል ሠላሳ ሁለት ኪሎ ተኩል ሆነ። ቁጥሩን መርስዔ አየው፤ ለወይዘሮ ጥሩሸዋ በጆሯቸው ነገራቸው። ጮክ ብሎ ያነበበ ሰው የለም።

ደብረ ብርሃን ስመለስ ደብዳቤ ጻፍኩ። «የጥናት ተሳታፊዎችን ምስጢር ስለማውጣት» ይላል ርእሱ፤ ተከሳሿ እኔ ነኝ። ዶክተር ጌታነሽ ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ጠይቀሻታል?» አሉ።

«ማንን?»

«ልጅቷን።»

«ጠይቄያታለሁ። መልስ የላትም።»

ከመርስዔ ፋይል አወጡኝና ራሳቸው ያዙት። ለእኔ ለሦስት ወር ማጣቀሻ ብቻ እንዳርም ፈረዱብኝ፤ ነጠላ ሰረዝና የገጽ ቁጥር። ከዚያ መሳቢያቸውን ከፍተው ያንን የመጀመሪያውን ደብዳቤ አወጡና ሰጡኝ። «ይሄን ምን ላድርገው?» አልኳቸው። «ቅጽሽ ጀርባ ላይ ለጥፊው» አሉኝ። ለጠፍኩት።

ጥር ሃያ አንድ አስተርእዮ ማርያም ናት፤ መንደሩ በእጥፍ ሞልቷል። እንደ አርታኢ አልሄድኩም፤ ፋይሉ የእኔ አይደለም። የሄድኩት ቃል ስለገባሁ ነው። ወይዘሮ ጥሩሸዋ ነጠላቸውን አደግድገው ሻምበልን ራሳቸው ይዘው ወጡ። ጸጉሩ ታጥቧል። የተሰበረችው ቀንዱ ቅቤ ነክቷት ታብረቀርቃለች። መራመድ ከብዶታል፤ ወይም ኮርቷል፤ አልለየሁትም። ሁለት ጎረምሶች ሚዛኑን በዱላ ተሸከሙ። ሻምበል በማንጠልጠያው ተነሥቶ አንድ ጊዜ ዞረ፤ ቆመ።

 የሚዛኑን ቀስት ሁለት ጊዜ አየሁት፤ አሁን ሁሉን ነገር ሁለት ጊዜ ነው የማየው።

«ስሜን ጥሪ» አሉ ወይዘሮ ጥሩሸዋ።

«ወይዘሮ ጥሩሸዋ» አልኩ፣ በሞላሌ ገበያ ድምፄ። «ሠላሳ ሰባት ኪሎ ከሩብ።»

እልልታው ሻምበልን አስደነገጠው። ጋሽ ኃይለመስቀል መጥተው ቀስቱን ራሳቸው አዩት፤ ኮፍያቸውን አነሡላቸው። «አምሳሉን በሁዳዴም ያሳየን» አሉ። ወይዘሮ ጥሩሸዋ መርስዔን ጠሩት፤ አዲሱን ቅጽ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጮክ ብሎ አነበበላቸው፤ «አይነገርም» ካለው ላይ ሲደርስ አስቁመው ደግመህ አንብበው አሉት፤ ሲያነብ ዓይናቸው እኔ ላይ ነበር። ከዚያ ጣታቸውን ጫኑ። ጋሽ ኃይለመስቀል ፈረሙ። ሌሎቹም ተሰለፉ።

ጽሑፉ በየካቲት መጨረሻ ተቀባይነት አገኘ። ርእሱ ተቀይሯል፤ ውስጡ ሃያ አራት ሳይሆን አሥራ አምስት አውራ አለ፤ ያልተለመደው ተመሳሳይነት የለም። ማጣቀሻዎቹን ያረምኩት እኔ ነኝ፤ ሦስት ስህተት አገኘሁበት።

ያን የጥር ሃያ አንድ ዕለት ግን ቅጹ ተፈርሞ ሲያልቅ አንድ ነገር ቀርቶ ነበር። ጋሽ ኃይለመስቀል ገመዱን ይዘው አውራውን የሚረከብ ሰው ፈለጉ። «ታኅሣሥን የለቀቀው ምንተስኖት ነው» አሉ። «ዛሬ ይረከባላ።»

ምንተስኖት ሻምበልን አየው። ሚዛኑን አየው። ወይዘሮ ጥሩሸዋን አየ።

«እኔ እኮ» አለ፣ «ለሚመጣው ዓመት ባደርገው ምን ይመስላችኋል?»